ስቴት ስንቀይር የሲኤንኤና የነርስ ወረቀታችን ምን ይሆናል? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አሜሪካ ውስጥ ከስቴት ወደ ስቴት የሚዛወሩ ሐበሾች፣ ሲኤንኤዎች (የነርስ ረዳቶች) እና ነርሶች፣ ደጋግመው የሚጠይቁኝን ሰብስቤ፣ ከቀላሉ ወደ ከባዱ እንዲህ መልሼዋለሁ።

የሲኤንኤ ሰርተፊኬቴ ሌላ ስቴት ይሠራል?

እንዲሁ በራሱ አይሠራም። በመላ አሜሪካ የሚያሠራ አንድ የሲኤንኤ ወረቀት የለም። እያንዳንዱ ስቴት የራሱ መዝገብ አለው፤ ሬጂስትሪ የሚባለው እሱ ነው። ቀጣሪው ስማችሁን የሚፈልገው እዚያ ላይ ነው። ሰርተፊኬቱ በእጃችሁ ቢኖርም ስማችሁ በአዲሱ ስቴት መዝገብ ላይ ከሌለ፣ ነርሲንግ ሆም ገብታችሁ ሲኤንኤ ነኝ ማለት አያዋጣም።

ግን ስም ከመዝገብ ወደ መዝገብ ይዛወራል። አንዳንዱ ስቴት ሪሲፕሮሲቲ ይለዋል፣ ሌላው ኢንዶርስመንት። ነገሩ አንድ ነው። ማመልከቻው የሚገባበት ቢሮ ግን ይለያያል፤ ብዙ ሰው የሚጠፋውም እዚህ ላይ ነው። ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ነርሲንግ ቦርዱ ነው። ሚኒሶታ ጤና ዲፓርትመንቱ ነው። ካሊፎርኒያ የሕዝብ ጤና ዲፓርትመንት ሲሆን፣ ቴክሳስ ደግሞ ሄልዝ ኤንድ ሂውማን ሰርቪስስ ኮሚሽን ነው። ቴክሳስ ነርሲንግ ቦርድ ደውላችሁ ስለ ሲኤንኤ ብትጠይቁ ወደ ሌላ ቢሮ ይመልሷችኋል።

ታዲያ ትምህርቱን እንደ አዲስ መማር አለብኝ?

አብዛኛውን ጊዜ የለባችሁም። ሰርተፊኬታችሁ ካልሞተ፣ መዝገባችሁ ንጹሕ ከሆነና በቅርቡ ሠርታችሁ ከሆነ ማዛወር ነው እንጂ መማር አይደለም። ይህን ጠበቅ አድርጌ የምለው ስለደረሰብኝ ነው። ከሚኒሶታ ወደ ሜሪላንድ ስመጣ አንድ ትምህርት ቤት ጠየቅኩ፣ «የሌላ ስቴት እዚህ አይሠራም፣ ኮርሱን መድገም አለብሽ» አሉኝ። አመንኳቸው። ከፈልኩ፣ ስድስት ሳምንት ተቀመጥኩ። ከዚያ በኋላ ነው አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ፎርም ሞልታ ብቻ እንደተዛወረች የሰማሁት። ኮርስ የሚሸጥን ሰው ኮርስ ያስፈልገኝ እንደሆነ አትጠይቁ። መዝገቡን የያዘውን ቢሮ ጠይቁ።

የሰዓት ልዩነት ግን አለ። በ1987 የወጣው የፌዴራል ሕግ ቢያንስ 75 ሰዓት ሥልጠና ይጠይቃል። ስቴቶች ከዚያ በላይ መጨመር ይችላሉ፤ ቴክሳስ 100 ሰዓት ነው፣ ካሊፎርኒያ 160። ስለዚህ 75 ሰዓት ተምራችሁ ብዙ ሰዓት ወደሚጠይቅ ስቴት ስትሄዱ ተጨማሪ ማስረጃ ልትጠየቁ ትችላላችሁ። የሥልጠና ሰዓታችሁ የተጻፈበትን ወረቀት ከትምህርት ቤታችሁ አስቀድማችሁ አውጡ። ትንንሽ የሲኤንኤ ትምህርት ቤቶች ይዘጋሉ፣ ከተዘጉ በኋላ ወረቀቱን ማግኘት መከራ ነው።

የግድ እንደገና መማር ካለባችሁ ደግሞ ከኪሳችሁ ለመክፈል አትቸኩሉ። ሜዲኬርና ሜዲኬይድ (የመንግሥት የጤና መድን) የሚቀበል ነርሲንግ ሆም ቀጥሯችሁ ወይም የሥራ ቃል ሰጥቷችሁ ከሆነ፣ የሥልጠናውን ወጪ ከእናንተ መቀበል በፌዴራል ሕግ ክልክል ነው። በራሳችሁ ከፍላችሁ ተምራችሁ በ12 ወር ውስጥ እንዲህ ዓይነት ነርሲንግ ሆም ብትቀጠሩም ገንዘቡ የሚመለስበት መንገድ አለ። ይህን የሚነግራችሁ ሰው ስለሌለ ነው እንጂ መብታችሁ ነው።

ለመዛወር ምን ምን ያስፈልገኛል?

መጀመሪያ አሁን ያላችሁበት ስቴት መዝገብ ላይ ስማችሁን ፈልጉ። በኢንተርኔት በነጻ ይታያል። «አክቲቭ» የሚል ከሆነ ጥሩ። ሊያልቅ ሁለት ወር ከቀረው ሳትሄዱ አድሱት፤ የሞተ ሰርተፊኬት አይዛወርም።

ከዚያ የአዲሱን ስቴት ፎርም መሙላት ነው። መታወቂያ፣ ሶሻል ሴኪዩሪቲ፣ የሠራችሁበት ማስረጃ (የቀጣሪ ደብዳቤ፣ የደመወዝ ወረቀት ወይም ደብሊው ቱ) እና ብዙ ቦታ የጣት አሻራ ይጠየቃል። አሻራ ከስቴት ስቴት አይተላለፍም። ባለፈው ዓመት ሰጥቻለሁ ብትሉም እንደገና ትሰጣላችሁ፤ ካሊፎርኒያ ላይቭ ስካን የሚሉት ይኸው ነው። ይህን ሁሉ፣ ዕቃችሁን ከመጫናችሁ በፊት ጀምሩት። የቤት ኪራይ እየቆጠረ፣ ሥራ ሳይኖር፣ ወረቀት መጠበቅ በጣም ከባድ ነው።

እኔ አርኤን (ሬጂስተርድ ነርስ) ነኝ። ኮምፓክት ላይሰንስ የሚሉት ምንድን ነው?

ኮምፓክት ስቴቶች እርስ በርስ የተዋዋሉት ስምምነት ነው። አሁን የሚሠራበት የተሻሻለው ስምምነት ጥር 2018 ላይ ሥራ ጀመረ። በአንዱ አባል ስቴት የምትኖሩ ከሆነና መልቲስቴት ላይሰንስ ከያዛችሁ፣ በሌሎቹ አባል ስቴቶች ሁሉ ሌላ ላይሰንስ ሳታወጡ ትሠራላችሁ። ከ40 በላይ ገብተዋል። ሜሪላንድ፣ ቨርጂኒያ፣ ቴክሳስ፣ ጆርጂያ፣ ኮሎራዶና ኦሃዮ አሉበት። ዋሽንግተን ስቴት፣ ማለትም ሲያትል ያለው፣ በ2023 ገብቷል። ካሊፎርኒያ፣ ኒው ዮርክ፣ ኢሊኖይ፣ ኦሪገን፣ ሚኒሶታና ዋሽንግተን ዲሲ ግን የሉበትም።

ሁለት ነገር ልብ በሉ። ኮምፓክት ለአርኤንና ለኤልፒኤን (ከአርኤን ዝቅ ያለ ፈቃድ ያለው ነርስ) ብቻ ነው፤ ቴክሳስና ካሊፎርኒያ ኤልፒኤኑን ኤልቪኤን ይሉታል። ሲኤንኤ አይመለከተውም። «ሜሪላንድ ኮምፓክት ናት» ሲባል ሰምተው በሲኤንኤ ወረቀታቸው ቴክሳስ ሄደው የተቸገሩ ሰዎች አውቃለሁ። ሁለተኛ፣ ስቴታችሁ ኮምፓክት ገባ ማለት የእናንተ ላይሰንስ መልቲስቴት ሆነ ማለት አይደለም። ነርሲስ በሚባለው የላይሰንስ ማረጋገጫ ድረ ገጽ ላይ ስማችሁን በነጻ ፈልጉና «መልቲስቴት» ይሁን «ሲንግል ስቴት» እዩ። ሲንግል ከሆነ ማመልከት አለባችሁ።

መልቲስቴት ላይሰንስ ካለኝ ቤት ስቀይር ምንም ማድረግ የለብኝም ማለት ነው?

አለባችሁ። ላይሰንሱ የተሰጣችሁ በምትኖሩበት ስቴት ነው። ከአንድ አባል ስቴት ወደ ሌላ አባል ስቴት ኑሯችሁን ካዛወራችሁ በ60 ቀን ውስጥ በአዲሱ ስቴት ማመልከት ግዴታ ነው። ይህ ደንብ ከጥር 2024 ጀምሮ እየተሠራበት ነው። ማመልከቻው እስኪያልቅ በድሮው ላይሰንስ መሥራት ትችላላችሁ፤ አዲሱ ሲወጣ የድሮው ይዘጋል። ሁለት መልቲስቴት ባንዴ መያዝ አይቻልም።

የመኖሪያ ስቴት የሚባለው የምትሠሩበት አይደለም። መንጃ ፈቃዳችሁ፣ የፌዴራል ታክስ ያስገባችሁበት አድራሻ፣ የምርጫ ካርዳችሁ የሚያሳየው ነው። መንጃ ፈቃዱን ሳይቀይሩ ዓመት የሚቆዩ ሰዎች አሉ፤ ለነርስ ይህ ችግር ያመጣል።

አባል ወዳልሆነ ስቴት ከሄዳችሁ፣ ለምሳሌ ከአትላንታ ወደ ሎስ አንጀለስ፣ በኢንዶርስመንት አዲስ ላይሰንስ ማውጣት ነው። ኤንክሌክስን፣ ማለትም የነርስ ላይሰንስ ፈተናውን፣ እንደገና አትፈተኑም፤ ፈተናው አገር አቀፍ ስለሆነ ውጤቱ አብሯችሁ ይሄዳል። አንዳንዱ ስቴት ግን የራሱን ይጨምራል። ቴክሳስ ስለ ስቴቱ የነርስ ሕግ የሚጠይቅ ጁሪስፕሩደንስ የሚባል ፈተና አለው።

የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው፣ ሥራ ያገኘሁት ዲሲ ነው። ላይሰንሴ ይበቃል?

አይበቃም። ዲሲ የኮምፓክት አባል አይደለም። ከሲልቨር ስፕሪንግ ዲሲ በእግር ድልድይ እንደመሻገር ቢቀርብም የዲሲ ላይሰንስ ማውጣት አለባችሁ። በተቃራኒው አሌክሳንድሪያ የሚኖርና የቨርጂኒያ መልቲስቴት ያለው ነርስ፣ ሜሪላንድ ምንም ሳይጨምር መሥራት ይችላል።

ለሲኤንኤ ሜሪላንድ፣ ቨርጂኒያና ዲሲ ሦስቱም ለየብቻ ናቸው። የሜሪላንድ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ነገር አለው፤ ጂኤንኤ (የአረጋውያን ነርስ ረዳት) ይባላል። ሜሪላንድ ውስጥ ሲኤንኤ ሆናችሁ ነርሲንግ ሆም ለመሥራት ጂኤንኤ መሆን አለባችሁ፤ ሆስፒታል ሲኤንኤው ሊበቃ ይችላል። ከቨርጂኒያ ወደ ሜሪላንድ ስትዛወሩ ማመልከቻው ላይ ሲኤንኤ ብቻ መርጣችሁ እንዳትወጡ። ጂኤንኤም እንደምትፈልጉ ግለጹ፣ አለዚያ ወረቀቱ ወጥቶ ሥራው እምቢ ይላችኋል። ዲሲ ደግሞ ሆም ኬር የሚሠራ ሰው ራሱ የሆም ሄልዝ ኤይድ ሰርተፊኬት ከነርሲንግ ቦርዱ ማውጣት ይጠበቅበታል። ሌላ ቦታ በኤጀንሲ ሥልጠና ብቻ ስትሠሩ ከነበረ ይህን ቀድማችሁ አጣሩ።

ሲፒአር፣ ኤሲኤልኤስ፣ ሜድ ቴክ፣ አይቪ... እነዚህስ?

የአሜሪካን ሃርት አሶሲዬሽን ወይም የአሜሪካ ቀይ መስቀል ቢኤልኤስ ካርድ (የሲፒአር፣ ማለትም የነፍስ አድን ሥልጠና ካርድ) የትም ይሠራል። ከፍ ያሉት የነፍስ አድን ካርዶች፣ ኤሲኤልኤስና ፓልስም እንደዚሁ። ሁለት ዓመት ነው የሚቆዩት። የእጅ ሥራችሁ ሳይፈተን ሙሉ በሙሉ በኢንተርኔት የሚሰጠውን ርካሽ ካርድ ግን ሆስፒታሎች አይቀበሉም፤ ገንዘባችሁን አታባክኑ። እንደ ሲሲአርኤን (የጽኑ ሕሙማን ነርስ) ያሉ የስፔሻሊቲ ሰርተፊኬቶች አገር አቀፍ ስለሆኑ አይነኩም።

መድኃኒት የመስጠት ፈቃድ፣ ማለትም ሜድ ቴክ ወይም ሜዲኬሽን ኤይድ የሚባለው፣ ሌላ ነገር ነው። እያንዳንዱ ስቴት በራሱ ደንብ ስለሚሰጠው ብዙ ጊዜ አይዛወርም፣ እንደገና መማር ሊመጣ ይችላል። የኤልፒኤን አይቪም (በደም ሥር የሚሰጥ ሕክምና) እንደዚሁ ነው። አንዱ ስቴት የሚፈቅደውን ሌላው ይከለክላል፤ ካሊፎርኒያ ኤልቪኤኖች አይቪ ለመጀመርና ደም ለመቅዳት የተለየ ሰርተፊኬት እንዲይዙ ይጠይቃል። የድሮ ስቴታችሁ ላይ አሥር ዓመት ስትሠሩት የነበረ ነገር በአዲሱ ስቴት ከፈቃዳችሁ ውጭ ሊሆን ይችላል። አዲሱ ሥራ ላይ የመጀመሪያው ቀን ሳይደርስ የስቴቱን ደንብ አንብቡ። ላይሰንስ የሚጠፋው ሥራ ባለማወቅ ብቻ አይደለም፣ የማይፈቀድ ሥራ በደንብ በመሥራትም ነው።

ሆስፒታል የፈረሙልኝ የክህሎት ቼክ ኦፍ ይቆጠርልኛል?

አይቆጠርም። የስኳር መለኪያው፣ የሕመምተኛ ማንሻው፣ ካቴተሩ፣ ደም መስጠቱ... አዲሱ ቀጣሪ ሁሉንም በራሱ ዕቃና በራሱ ሰው ፊት እንደገና ያያችኋል። ይህ ስቴት ሳትቀይሩም፣ መንገድ ተሻግራችሁ ሌላ ሆስፒታል ብትገቡም ያው ነው። ስድብ አድርጋችሁ አትውሰዱት።

ግን ከመልቀቃችሁ በፊት የተፈረመውን ዝርዝር ኮፒ ጠይቁ። ቃለ መጠይቅ ላይ ይጠቅማል፣ ትራቭል ኤጀንሲዎችም ይፈልጉታል። የበሽተኛ ስም ያለበት ወረቀት አብሮ እንዳይወጣ ብቻ ተጠንቀቁ።

ዝውውሩ እስኪያልቅ መሥራት እችላለሁ?

ነርስ ከሆናችሁና ሁለቱም ስቴቶች ኮምፓክት ከሆኑ አዎ። ካልሆነ ጊዜያዊ ፈቃድ የሚሰጡ ስቴቶች አሉ፣ ማመልከቻው ላይ አብራችሁ ጠይቁ።

ለሲኤንኤ ሁሌ የምሰማው «4 ወር ያለ ሰርተፊኬት መሥራት ይቻላል» የሚለውን ነው። ይህ 4 ወር የተሰጠው ሥልጠና ላይ ላለ ሰው ነው፤ ነርሲንግ ሆሙ እያሠለጠነ ሊያሠራው የሚችልበት ጣሪያ ነው። እንደ እረፍት ጊዜ አድርጋችሁ አትቁጠሩት። ቀጣሪው «ችግር የለም ጀምሩ» ካለ በምን ማዕረግ እንደቀጠራችሁ በጽሑፍ ይስጣችሁ። በዚያ መሐል እንደ ተንከባካቢ ሆም ኬር ወይም አሲስትድ ሊቪንግ መሥራት የሚቻልባቸው ስቴቶች አሉ፣ ደንቡ ግን ይለያያል።

ወልጄ ቤት ቆየሁ፣ ከዚያም አገር ቤት ሄጄ ነበር። ሁለት ዓመት አልፎኛል። አበቃልኝ?

የሲኤንኤው ሕግ ጥብቅ ነው። 24 ወር በተከታታይ በክፍያ የነርሲንግ ነክ ሥራ ካልሠራችሁ ሰርተፊኬቱ ይሞታል፣ ወይ ሥልጠናና ፈተና ወይ ቢያንስ ፈተና ይጠበቃል። ብዙ ስቴቶች በዚያ ጊዜ ውስጥ 8 ሰዓት የተከፈለ ሥራ ማሳየትን ይቀበላሉ፤ አንድ ሺፍት ማለት ነው። ስለዚህ ገና ካላለፋችሁ፣ ከመውለዳችሁ በፊት ወይም ከጉዞው በፊት አንድ ቀን ፒአርኤን (ቋሚ ሳይሆኑ ሲጠሩ ብቻ) ግቡና የደመወዝ ወረቀቱን አስቀምጡ። እናትን ቤት ሆኖ ያለ ክፍያ መንከባከብ አይቆጠርም፣ ምንም ያህል ቢያደክም። በካሽ የተሠራ ሥራም ማስረጃ ስለሌለው አያወጣችሁም።

ካለፋችሁ ደግሞ ፈተናውን ብቻ ወስዶ መመለስ የሚፈቅድ ስቴት ካለ እሱን ቀድማችሁ ጠይቁ። ጽሑፉ አለ፣ ከዚያ የእጅ ሥራ ፈተና። እጅ መታጠቡን በቀላሉ አትዩት፤ ልምድ ያላቸው ሰዎች የሚወድቁት ብዙ ጊዜ በችኮላ እሱን ዘለው ነው።

ስሜ በየወረቀቱ የተለያየ ነው። ምን ላድርግ?

ይህ የእኛ ችግር ነው፣ ሐበሻ ያልሆነ ሰው አይገባውም። ትዕግሥት የሚለው ስም በእንግሊዝኛ በስንት ዓይነት ይጻፋል? ዲፕሎማው ላይ የአባት ስም ብቻ ነው፣ ፓስፖርቱ ላይ የአያት ስም መጨረሻ ሆኖ ገብቷል፣ ሰርተፊኬቱ ላይ ደግሞ ፈታኙ የጻፈው አለ። ኮምፒውተሩ ሦስት ሰው ያደርጋችኋል። የትውልድ ቀንም አለ። መስከረም 5 ቀን 1982 የተወለደ ሰው በፈረንጅ መስከረም 15 ቀን 1989 ነው፣ ግን የድሮ ወረቀቱ ላይ 1982 እንዳለ ተጽፎ ይገኛል።

ማመልከቻውን ሳታስገቡ በፊት፣ በድሮው ስቴት መዝገብ ላይ ያለው ስም ከአሁኑ መታወቂያችሁ ጋር አንድ እንዲሆን አስተካክሉ። ለስም ማስተካከያ ፎርም አለው። የተለወጠው በጋብቻ ወይም በዜግነት ከሆነ ያንን ወረቀት አያይዙ። ካልሆነ ሁለቱም ስም የአንድ ሰው መሆኑን በኖተሪ የተረጋገጠ ቃል ጻፉ። ዝውውሩ መሐል ላይ ከቆመ በኋላ ማስተካከል ወራት ይበላል።

ኢትዮጵያ የተማርኩ ነርስ ነኝ፣ አንድ ስቴት ላይሰንስ አለኝ። ሲጂኤፍኤንኤስ (የውጭ አገር የነርስ ትምህርት ማስረጃ የሚመረምረው ድርጅት) እንደገና ይጠየቃል?

ሊጠየቅ ይችላል፣ እና ይህ ብዙዎችን ያስደነግጣል። ኮምፓክት ውስጥ ስትንቀሳቀሱ ይቀላል። አባል ወዳልሆነ ስቴት ስትሄዱ ግን ቦርዱ የትምህርት ማስረጃችሁን ከዜሮ ሊያይ ይችላል። ሲጂኤፍኤንኤስ (በ2025 ስሙን ትሩሜሪት ብሏል) ያወጣላችሁ ሪፖርት ካለ፣ ለአዲሱ ስቴት እንዲልክ ማዘዝ ብዙውን ጊዜ ከአዲስ መጀመር ይሻላል። ግን የትኛውን ዓይነት ሪፖርት እንደሚፈልጉ መጀመሪያ ቦርዱን ጠይቁ፤ ዓይነቱ ከተሳሳተ ገንዘቡም ጊዜውም ይሄዳል።

ካሊፎርኒያን የመሰለ ስቴት ትራንስክሪፕቱ ከዩኒቨርሲቲው በቀጥታ እንዲመጣ ይፈልጋል። ያ ማለት አገር ቤት ዘመድ ልኮ ሬጅስትራር ደጅ ማስጠናት ነው። ስለዚህ አገር ቤት ስትሄዱ፣ አሁን ባያስፈልጋችሁም፣ የታሸገ ትራንስክሪፕትና ትምህርቱ በእንግሊዝኛ እንደተሰጠ የሚገልጽ ደብዳቤ አስወጡ። ደብዳቤው የእንግሊዝኛ ፈተና ከመውሰድ ሊያድናችሁ ይችላል።

የድሮ ሥራዬ ላይ ሪፖርት ተደርጎብኛል። ስቴት ብቀይር ይጠፋል?

አይጠፋም። በሲኤንኤ ላይ የበደል፣ የቸልተኝነት ወይም የንብረት መውሰድ ውሳኔ መዝገብ ላይ ከገባ፣ ነርሲንግ ሆሞች ከመቅጠራቸው በፊት የሌሎች ስቴቶችን መዝገብ ጭምር የማየት ግዴታ አለባቸው። የነርስ ቅጣትም ነርሲስ ላይ ይታያል። ማመልከቻው ላይ «የለብኝም» ብሎ መመለስ ራሱን የቻለ ሁለተኛ ጥፋት ይሆናል።

ግን ሪፖርት ተደረገ ማለት ተፈረደ ማለት አይደለም። ለሲኤንኤ ስቴቱ ውሳኔ ከማስገባቱ በፊት በደብዳቤ ያሳውቃል፣ እናንተም በ30 ቀን ውስጥ ቀርቤ ልሰማ ብላችሁ መጠየቅ ትችላላችሁ። አንድ ጊዜ ብቻ የደረሰ ቸልተኝነት ከሆነ ደግሞ ከአንድ ዓመት በኋላ እንዲሰረዝ ማመልከት ይቻላል። ልቤን የሚሰብረው ደብዳቤው ወደ ድሮው አፓርታማ ሄዶ፣ 30 ቀኑ አልፎ፣ ሰውየው አዲሱ ስቴት ሥራ ሲጠይቅ ገና የሚሰማበት ጊዜ ነው። ስለዚህ ቤት በቀየራችሁ ሳምንት አዲሱን አድራሻችሁን ለለቀቃችሁት ስቴት መዝገብም አሳውቁ።